ጋቢ የለበሰ ቅል

አሰላ ላይ ክረምት በወጉ አይሰናበትም። በር ላይ ቆሞ ወሬ እንደማያልቅበት እንግዳ ሄድኩ ብሎ ይመለሳል፤ ተመልሶም ቤቱን ያጨቀያል። መስቀል ካለፈ በኋላ ነው አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ጭላሎ ተራራን ታጥቦ እንደተደፋ ሳህን ጥርት ብሎ የምታየው። ጥቢ ገባ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ጓሮ ያለው ሰውም የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው። በክረምትማ ማንም ገበሬ ነው፤ የአጥር እንጨት እንኳ ቅጠል ያወጣል።

ስለ ጥቢ ጓሮ የማውቀውን ልንገራችሁ ብል አንድ ገጽ አይሞላም። የድንቹ ቅጠል ቢጫ ሲሆን አውጡት፤ አፈር ውስጥ ላቆየው ያለ ሰው ፍልፈል ይመርቀዋል። ነጭ ሽንኩርቱን ከነአገዳው ጎንጉናችሁ ጭስ የሚደርስበት ቦታ ስቀሉት። አጥራችሁን መሬቱ ሳይደርቅ ጠግኑ፤ በኋላ ድንጋይ ላይ ነው የምትቆፍሩት። ከሁሉም በላይ ውርጭን ፍሩ። ጥቅምትና ኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ከተራራው የሚወርደው ውርጭ የማንንም ድካም አይቶ አያዝንም። ይኸው ነው። የቀረው ወሬ ነው።

ልጄ ግን ሌላም አለ ትላለች። ልጄ ጮሌ ከተማ አስተማሪ ናት። ለመስቀል መጥታ፣ እናቷ ባቄላ እሸት እየፈለፈለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የተፈለፈለውን እየበላሁ ሳለ ስልኳን አውጥታ የውጭ አገር ሰዎች ጥቢያቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ አሳየችን። በእነሱ አገር ይኼ ወራት ቅጠል የሚረግፍበት ነው አሉ። የረገፈውን ቅጠል ለቅመው፣ በሽቦ አክብበው በር ላይ ይሰቅሉታል። ዱባ ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ይደረድራሉ። አንዳንዱን ዱባ ዓይንና ጥርስ ያወጡለታል።

ከዚያ ማን ይበላዋል ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አይበላውም፣ ለውበት ነው አለችኝ። ቅጠሉንስ ሰው ከሚለቅመው ፍየል የላቸውም ወይ አልኩ። እናቷ እሸቱን ከእጄ እያራቀች፣ ያለንን ፍየል እያየሁት ነው አለች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፂሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ጉልምስናዬ ያለቀው የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ላይ ጆንያ ስሰፋ ነው፤ ጆንያው ላይ የተጻፈው ምን እንደሚል ሳላውቅ ስንቱን አፉን ዘጋሁት። የማታ ትምህርት ስገባ ይቺው ልጅ ገና ትንሽ ተማሪ ነበረች። አጠገቤ ተቀምጣ በስንደዶ እየጠቆመች፣ አባዬ ይሄን እኮ ትናንት አውቀኸው ነበር ትለኝ ነበር። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የተናደድኩት ከዚያ በፊት በዕድሜዬ ሙሉ ከተናደድኩት ይበልጣል። ስለዚህ ስልኩን ስጪኝ፣ ራሴ አነበዋለሁ አልኳት። ስልኩ ጽሑፉን በራሱ ወደ አማርኛ ገልብጦታል፤ ጥርሱ የረገፈ አማርኛ ነው። እሷ እየሳቀች፣ እናቷ እያዛጋች፣ ቃል በቃል ጎተትኩት። ሁሉም ከንቱ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ውርጭ ሳይመጣ ለስላሳውን ተክል በጨርቅ ሸፍኑ የሚል አገኘሁ።

ቀና ስል ዓይኔ አጥሩ ላይ ያረፈው ወዲያው ነው። አጥሩ ላይ ቅሉ አለ።

የቅሉን ነገር ልንገራችሁ። ልጄ በጥር ልታገባ ነው። ሰውዬው የጮሌ ልጅ ነው፤ ላም ካለበት ቤት ነው የምትገባው። በባለቤቴ ወገን ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ሴት ልጅ ስትዳር ሌላው ቢጎድል ቢጎድል፣ እናቷ ጓሮ የበቀለ የወተት መናጫ ቅል ይዛ ትወጣለች። የገበያ ቅል አይቆጠርም። ባለቤቴም እኔ ዘንድ ስትመጣ እናቷ ያበቀለችውን ይዛ ነው የመጣችው። የቤታችን ቅቤ ሁሉ ከእሱ ነው የወጣው፤ ልጆቹም በእሱ አሬራ ነው ያደጉት። ያ ቅል ባለፈው በጋ ተሰነጠቀ። ባለቤቴ እንደ ልብስ ሰፋችው፣ በሰምም ለበጠችው፤ አልሆነም፣ ማንጠባጠቡን አልተወም። ከዚያ ወዲህ የምትንጠው በጄሪካን ነው። ቅቤው ጄሪካን ጄሪካን ይላል። አይልም ብላ ትከራከረኛለች እንጂ እሷም ታውቀዋለች፤ ፀጉሯን መቀባት ትታለች።

ዘሩ ግን ነበራት። ከእናቷ ቅል የወጣውን ፍሬ በአመድ ለውሳ በቆርቆሮ አስቀምጣለች። ግንቦት ላይ አወጣችውና ከፊቴ አስቀመጠችው። እሷ ምንም ሳትል አንድ ነገር ፊቴ ካስቀመጠች ሥራ መጣብኝ ማለት ነው።

ችግሩ አሰላ ብርድ ነው። ቅል ሙቀት ይወዳል፤ አገሩ ወደ ታች፣ ቆላው ዴራ ነው። ስተክለው ያየ ሁሉ አፉን አላሳረፈም። ጋሪ የሚነዳው ጎረምሳ በአጥሩ ጎን ባለፈ ቁጥር፣ ጋሼ ብርቱካኑንስ መቼ ነው የሚተክሉት ይለኛል። እኔም ያንተ ፈረስ ሲጠግብ እለዋለሁ። ፍግ አስታቀፍኩት፣ አፈሩን ኮተኮትኩለት፣ አጥሩ ላይ አወጣሁት። አበባውማ ብዙ ነበር። አበባ መች ይቸግራል። ፍሬ የያዘው ግን እየጫጨ ረገፈና በመጨረሻ አጥሩ ላይ የቀረው አንድ ነው። እሱም ነሐሴ ላይ አንገቱ ቀጠነ፣ ሆዱ ሞላ። ባለቤቴ አንድ ጠዋት ፊቱ ቆማ ቆማ፣ የእናቴን ቁርጥ ነው አለችና ወደ ቤት ገባች።

እንግዲህ ያን የመስቀል ሰሞን፣ ስልኩን ለልጄ መልሼ፣ ይቺ አንዷ ነገር እውነት ናት፣ ቅሉን ማታ ማታ ጋቢ እናልብሰው አልኩ።

ባለቤቴ የእሸቱን ሰፌድ አስቀምጣ ሳቀች። ለቅል ጋቢ የሚያለብስ ሰው አሰላ ውስጥ አልተወለደም አለች። ቅሉን የሚያጠፋው ውርጭ ሳይሆን ዓይን ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ውይ ሲያምር እያለ ነው የሚያልፈው፣ እንትፍ የሚል የለ፣ በጣቱ የሚጠቁምም አለ። መሸፈን ካለበት የሚሸፈነው ሰው በሚያልፍበት በቀን ነው አለች።

የሰው ዓይን የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ፣ አልኳት፣ እኔ የዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲያየኝ ነው የምውለው። ምን ሆንኩ?

"አንተን ማን ተመኝቶ ያይሃል?" አለች።

ልጄ ስልኳ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። በኋላ ግን ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሲዞር፣ እኔ ስለ ቡዳ የማያምርብኝን ስናገር፣ እናቷም ስለ እኔ ወገኖች ስትጀምር፣ አስተማሪነቷ መጣባትና ሁለታችንንም እንደ ክፍል ልጆች ፊቷ አቆመችን። ቅሉ የእሷ ነው፤ ስለዚህ ማንም ምንም አያለብሰውም፤ እግዜር እንዳበቀለው ይኖራል አለች። ቃል አስገባችን። ገባን።

በነጋታው ወደ ጮሌ ተመለሰች። እኔም የዚያኑ ቀን ማታ ቅሉን ጋቢ አለበስኩት።

ምን ላድርግ። ሰማዩን አየሁት፣ እንደ ጠጅ ብርሌ ጠርቷል። ባለቤቴ ላሟን ልታልብ ወደ ኋላ ስትዞር አሮጌ ጋቢዬን አውጥቼ፣ ቅሉን ከአንገቱ እስከ ቂጡ ጠቀለልኩና በገመድ አሰርኩት። ጠዋት ፀሐይ ብቅ እንዳለ፣ እሷ አሁንም ላሟ ዘንድ ሳለች፣ ፈትቼ ከማገዶው ሥር ደበቅሁትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ቅሉ እንደተውኩት ራቁቱን አለ። እንደገና አለበስኩት። እንዲህ ሆኖ ቀረ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ያለበስኩት ፍጡር የለም። የወለድኳቸውን እንኳ እናታቸው ናት ያለበሰቻቸው።

አንድ የገረመኝ ነገር ነበር። ማታ ማታ ስቀርበው ቅሉ ለጋ ቅቤ ለጋ ቅቤ ይሸታል። እኔም ለካ የመናጫ ቅል ገና አጥር ላይ እያለ ነው ቅቤ ቅቤ የሚለው ብዬ ተደነቅሁ። ዘሩ ነው አልኩ። ለማንም እንዳልናገረው ቃሌን ያፈረስኩ ሰው ነኝ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ውርጩ ወረደ። ጠዋት ስነሣ የሰፈሩ ድንች ቅጠል ሁሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሏል። ባቄላውም ጠቁሯል። የእኔ ቅል ግን ጋቢው ውስጥ አለ። ሐረጉ እንኳ ከጋቢው አጠገብ ያለው አረንጓዴ ነው። ይህን ሁሉ ድል ይዤ፣ ሳልናገር፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ፋብሪካዬ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን መናገር አምሮኝ አያውቅም። ማታ ባለቤቴ ራሷ አነሣችው። አየህ፣ ውርጭ ውርጭ ስትል ነበር፣ ይኸው ቅሉን አልነካውም አለችኝ። አዎ፣ ዓይንም አልነካውም አልኳት። ሁለታችንም በጣም ደስ ብሎን ነበር። አሁን ሳስበው፣ የደስታችን ልክ ብቻውን ነገሩን ሊያሳውቀኝ ይገባ ነበር።

ኅዳር ገባ። ቅል ደረሰ የሚባለው ሐረጉ ሲደርቅና ቅርፊቱ ሲጠነክር ነው። ጥፍርህን ትሰካበታለህ፤ ካልገባ ደርሷል። ሰካሁበት። ቅቤ የነካሁ ይመስል ገባ። ሌላ ሳምንት ጠበቅሁ፤ አሁንም ገባ። መልኩም ደስ አይልም። ቅል ሲደርስ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ይሄ ነጣ፣ ገረጣ፣ ከወሊድ ያልተነሣች ሴት ፊት መሰለ። ልጄ ስትደውል፣ አባዬ ቅሌ እንዴት ነው ትለኛለች። ደህና ነው፣ እንዳንቺ እልኸኛ ነው እላታለሁ። ሠርጉ ደረሰኮ ትለኛለች። ሠርጉ ይደርሳል፣ ቅሉ ነው እንጂ የማይደርሰው ልላት እፈልግና እተወዋለሁ።

አንድ ቀን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ባለቤቴን ነጠላዋን ሳታወልቅ ቅሉ አጠገብ ቆማ ጥፍሯን ስትሰካበት አገኘኋት። ገባ ወይ አልኳት። ገባ አለችኝ።

ከአጥሩ ማዶ ሳቅ የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን አዴ ናቸው። በእኛ አገር ትልቅ ሴትን አዴ እንላለን። ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ከላሞቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። የልባቸውን በኦሮምኛ አስበው በአማርኛ ይጥሉታል፤ ሲወድቅ ያማል። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ግን የሚጠሩኝ ያ ጃርሳ እያሉ ነው፣ አንተ ሽማግሌ ማለታቸው ነው። አጥሩ ላይ በክንዳቸው ተደግፈው፣ የአበባ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይስቃሉ።

ምን አሳቀዎት አዴ አልኳቸው።

"ቡቄው አልበሰለም?" አሉ። ቅሉን ቡቄ ነው የሚሉት።

አልበሰለም፣ ምን እንደነካው አናውቅም አለች ባለቤቴ።

"እኔ አውቃለሁ" አሉ። "ማታ ይሄ ጃርሳ ጋቢ ያለብሰዋል። ጠዋት ይፈታል። እሱ ሥራ ሲሄድ አንቺ መጥተሽ ሻሽ ታለብሺዋለሽ። ማታ እሱ ሳይመጣ ትፈቺያለሽ። ቡቄ ነው ወይስ አራስ ልጅ ነው የምታሳድጉት? ፀሐይ የት አይቶ ይብሰል?"

ዞሬ ባለቤቴን አየኋት። እሷም ዞራ አየችኝ። ያ ለጋ ቅቤ ለጋ ቅቤ ያለኝ ሽታ ከየት እንደመጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አሮጌ ሻሿ ነው፤ ደህና ቅቤ ትቀባ በነበረ ጊዜ የምታስረው።

ቃል ገብተሽ አልነበረም ወይ አልኳት። አንተስ አለችኝ። አንቺ ቀድመሽ ነው አልኳት። አዴ ከአጥሩ ማዶ፣ ኤዬ፣ በአንድ ቀን ነው የጀመራችሁት፣ እኔ አይቻለሁ ብለው ፈረዱ። ታዲያ ለምን አልነገሩንም አዴ ብዬ ተቆጣሁ። እሳቸውም አላፈሩ። ባል የለኝ፣ ቴሌቪዥኔም ተበላሽቷል፣ ጠዋትና ማታ እናንተን ነው የማየው፤ ማን የሚያየውን ይዘጋል አሉኝ።

እኔ ሳቅ መጣብኝ። ልስቅ ስል ግን ባለቤቴ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች፣ ቅሉን ቀና ብላ ታያለች።

"እናቴ ያንን ስትሰጠኝ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?" አለችኝ። "ቤቱ ሲጠብብሽ እሱን ይዘሽ ቁጭ በዪ፣ እየናጥሽ ይበርድልሻል ነው ያለችኝ። ስንት ቀን ባንተ ተቃጥዬ በእሱ በረደልኝ። ለልጄ ምን ልሰጣት ነው፣ ጄሪካን?"

ቅሉን አየሁት። ጋቢዬ የጠበቀውን ሻሿ አጨለመው፤ ሻሿ የተወውን ጋቢዬ ጨረሰው። አንዳችን ቢተወው ኖሮ ሌላኛችን ያድነው ነበር።

አዴ ሳቃቸውን ተዉ። ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱና፣ ያ ጃርሳ፣ ይዘሃት በደጄ በኩል ዙር አሉኝ።

ዞርን። በከብቶቻቸው መግቢያ አልፈን ጭዳቸው የተከመረበት ዘንድ ወሰዱን። የቅሉ ሐረግ አጥሩን ተሻግሮ በእሳቸው በኩል ወርዷል፤ እኔ ከወዲያ ሆኜ አላየሁትም፣ አጥሩን የሠራሁት እንዳላያቸው ነበርና። ሐረጉ ጭዱ ላይ ወጥቶ፣ ከጭዱ ወርዶ፣ ጥጉ ላይ ደርቋል። አዴ ጎንበስ ብለው ጭዱን ገለጥ አደረጉት። ቅል ነው። ውርጩን ጭዱ ከልክሎለታል፣ ባልተሸፈነው ጎኑ ቀን ፀሐይ ሲመታው ውሏል። ቡናማ ሆኖ አብረቅርቋል። አዴ በጣታቸው ቢመቱት እንደ በር ጮኸ።

ቆንጆ ነው ማለት አይቻልም። መሬት ላይ የተኛበት ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። አንገቱም ወደ አንድ በኩል ዞሯል፣ ጎረቤት እንደሚያይ ሰው።

ባለቤቴ አላነሣችውም። እጇን እንኳ አልዘረጋችም። ይሄ የእርስዎ ነው አዴ፣ ግቢዎ ውስጥ የበቀለ ነው አለች። አዴም አልካዱም። ለራሴ ልወስደው ነበር፣ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት አሉ። ሽፋን ስታበዙበት ሳይ ያኛው እንደማይሆን አውቄያለሁ፣ ይሄኛው የእኔ ነው ብዬ ነበር፣ መናጫዬም አርጅቷል አሉ። እንደዚህ የሚናገር ሰው ደስ ይለኛል። ሌላው ቢሆን ለእናንተው ሳስቀምጥላችሁ ነው ይለን ነበር።

ባለቤቴ ደንቡን ነገረቻቸው። ለሴት ልጅ የሚሰጠው እናቷ ጓሮ የበቀለ ነው፤ ከሰው ግቢ የመጣ አይሆንም አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ምክንያቱም ቅሉ እዚያው ፊቷ ነው።

አዴ ጭዱ ላይ ቁጭ አሉ። አሰቡ። ቢላዋ አውጥተው ሐረጉን ቆረጡትና ቅሉን አንሥተው ባለቤቴን አስታቀፏት።

"ሥሩ እናንተ ጋ ነው። ሆዱ እኔ ጋ ነው የሞላው" አሉ። "ልጅቷስ እንዴት ነው ያደገችው? እናንተ ጋ ታድራለች፣ ወተቱን እኔ ጋ ትጠጣለች። አጥሩ ሥር ቀዳዳ የቀደደችው ማን ነው? ልጅቷ የአንቺ ከሆነች ቡቄውም የአንቺ ነው።"

እውነት ነው። ላማችን ነጥፋ በነበረ ጊዜ ልጄ በዚያ አጥር ሥር እየሾለከች እሳቸው ዘንድ ትጠጣ ነበር፤ ቀዳዳውን እኔ ስደፍን እሷ ስትከፍት ነው ያደገችው። ባለቤቴ ቅሉን በሁለት እጇ ያዘችው። ወደ አጥሩ ዞራ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። እኔና አዴም ስለ ጭድ ማውራት ጀመርን። ስለ ጭዱ የሚወራ ያን ያህል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶች ሥራ ነው ብለው እኔን ውኃ ቀጂ አደረጉኝ። አንገቱ ላይ አፍ ተከፈተለት፤ ውኃ ተሞልቶ ውስጡ እስኪበሰብስ ተቀመጠ። ከዚያ ጠጠር እየጨመሩ ነቀነቁት፣ ደፉት፣ እንደገና ሞሉት። ፍሬውን ባለቤቴ አንድም ሳታስቀር ለቅማ አጠበች፣ ግማሹን በአመድ ለውሳ ወደ ቆርቆሮዋ መለሰች፣ ግማሹን ለአዴ ቋጠረችላቸው። ቅል ውስጡ ክፉ መራራ ነው፤ ውኃው እየተመላለሰ ነው የሚወጣው። ውኃውን በቀየሩ ቁጥር እኔን ቅመስ ይሉኛል። ይመራል እላለሁ። አሁንስ ይሉኛል። ይመራል። ባለቤቴ ወደ አዴ ዞራ፣ ምሬቱ ከአፉ ይሁን ከቅሉ አይለይም፣ እሱንም አፉን ከፍተን ጠጠር ጨምረን ብንነቀንቀው ይሻላል አለች። አዴም፣ ይሄማ ስንት ዓመት ውኃ ተመላልሶበት ያልወጣ ነው፣ ተዪው አሉ። በመጨረሻ ራሳቸው ቀመሱ። ጣፋጭ ነው አሉ። እኔ አሁንም ትንሽ ይመራል ባይ ነኝ።

ቅሉን በወይራ ጭስ ያጠኑት አዴ ናቸው። እሳቸው ዘንድ ስላደገ እሳቸው ያጥኑት አለች ባለቤቴ። ልጄም ለሠርጓ ሳምንት ስትመጣ ቅሉን አየችው፣ ጠፍጣፋ ጎኑን ዳሰሰችው፣ የተጣመመ አንገቱን አየችና፣ አባዬ ይሄ ባንተ ወጥቷል አለች። ነገሩን ሁሉ አዴ ነገሯት፤ እኔን በአማርኛ፣ ባለቤቴን በኦሮምኛ እያሙ። ልጄ ሁለታችንንም እንደገና ፊቷ ልታቆመን ፈልጋ ሳቁ አላስችል አላት። በሠርጓ ዕለት ዕቃው ሁሉ መኪና ላይ ሲጫን ቅሉን ግን ለማንም አልሰጠችም። በቬሎዋ ላይ፣ ጭኗ ላይ አቅፋው ሄደች። ቪዲዮ የሚያነሣው ልጅ፣ ይሄን ነገር ከጎን አድርጊው ቢላት፣ አንተን ከጎን ላድርግህ አለችው። አፏ የማን እንደሆነ እንግዲህ አታጡትም።

ጥር ሳይወጣ ከጮሌ ደወለች። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ባሏ አልነበረም።

"ቅቤው ምን ምን ይላል?" አለቻት።

ወይራ ወይራ ይላል አለች ልጄ። ጠፍጣፋ መሆኑም ተስማምቷታል፤ እንደ ሌላው ሰው ቅል አይንከባለልባትም፣ ባስቀመጠችው ይቀመጣል። አማቷም ዘሩን ጠይቃታለች። ባለቤቴ ይህን ሰምታ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ቆየች። ስትመለስ ማገዶ ይዛ ነበር፤ ቤት ውስጥ ማገዶ ሞልቶ ነበር።

ያኛው፣ የገረጣው፣ እኛው ጋ ቀርቷል። አልበሰለም፤ ሲደርቅ ተጨማደደና በአንድ በኩል ገባ ብሎ ያኮረፈ ፊት መሰለ። ልጥለው ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። ወስዳ የውጭ በራችን ላይ ሰቀለችው። የመንገደኛው ዓይን መጀመሪያ እሱ ላይ ይረፍ፣ ጓሮው ይትረፍልን አለች። የውጭ አገር ሰዎች ዱባቸውን ደጃፋቸው ላይ ለምን እንደሚያስቀምጡ አሁን ገባኝ አልኳት። እነሱም እንደኛ ልብስ አልብሰው ያበላሹትን ይሆናል። ባለ ጋሪው ጎረምሳ ሲያልፍ ፈረሱን ገትቶ፣ ጋሼ ፎቶዎትን ነው የሰቀሉት ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከፋብሪካ ስመለስ፣ ብርዱ ከተራራው ሲወርድ፣ የበሩን ቅል ሰው አልብሶታል። ግራ ቀኝ አየሁና ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅሁ። እኔ አላለበስኩትም አለች። እኔም አላለበስኩትም አልኳት። አንተ ካልሆንክ ማን ነው፣ ቃልህን አውቀዋለሁ አለችኝ። ያንቺንም አውቀዋለሁ አልኳት። ተያይዘን ወጣን፣ ቀርበን አየነው። ጋቢዬ አይደለም። ሻሿም አይደለም። የአበባ ሻርፕ ነው።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ።